ጎሬ ድረስ ማን መራቸው?

የአስጎብኚ ድርጅቶችን ካርታ ዘርግቶ ላየ ሰው ኢትዮጵያ ሁለት መስመር ብቻ ያላት አገር ትመስላለች። አንደኛው ወደ ሰሜን ይወጣል፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ይወርዳል፦ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ የኦሞ ሸለቆ። ከጅማ ወዲያ ያለው ምዕራብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው። በደሌ፣ ያዮ፣ መቱ፣ ጎሬ የሚሉ ስሞች ቢኖሩም «ሦስተኛ ቀን፣ አዳር እዚህ» የሚል ነገር አልተጻፈባቸውም። ኖፓ ደግሞ ስሟም አይገኝ።

ይህ ባዶነት ድሮ የነበረ አይደለም። ኢሉባቦር ከመቶ ዓመት በፊት ፈረንጅ የሚመላለስበት፣ ቆንስል የተቀመጠበት፣ በወንዝ እስከ ካርቱም የሚያደርስ መስመር የነበረው አገር ነው።

በዓድዋ ጦርነት ማግስት ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ መኮንን ከጥቂት አሽከሮች ጋር ሆኖ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» ነው። ስለ ኦሮሞ ባህል፣ ስለ አስተዳደሩ፣ ስለ ጦሩ ጽፏል። በዛሬ አነጋገር አነስተኛ ቡድን፣ መሪና ጫኝ ያለው፣ የባህል ጉብኝት መሆኑ ነው። ልዩነቱ ጎብኚው ጠመንጃ ታጥቋል።

በዓመቱ ነገሩ ገዘፈ። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ተሰማ ናደው (በኋላ ራስ) ከጎሬ በኩል ብዙ ሺህ ጦር ይዘው ወደ ነጭ ዓባይ ወረዱ። አብረዋቸው ፈረንሳውያንና አርታሞኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ኮሎኔል ነበሩ። ፈረንሳውያኑ የሚጠባበቁት ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ የሚመጣውን ማርሻንን ነው። ሰኔ ላይ ከሶባት መጋጠሚያ አጠገብ ደረሱ፤ ማርሻን የለም። ቆላው ወታደሩን በወባ እየጨረሰው ስለነበር ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቢታገሡ ኖሮ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ፍጥጫ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር የሚሉ አሉ፤ ያ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሰው ከጎሬ ደጋ አውርዶ፣ ረግረጉን አሻግሮ፣ መሻገሪያውን እያሳየ የወሰደው ማን ነው? አርታሞኖቭን የታሪክ መጻሕፍት ያውቁታል። ከፊት ሆነው መንገድ ያሳዩት የኦሮሞ፣ የአኙዋክና የኑዌር ሰዎች ግን በአብዛኛው «መሪዎች» በሚል አንድ ቃል ታልፈዋል። የምዕራቡ የጉዞ ታሪክ የተጻፈው በዚህ ዓይነት ነው፤ የእንግዳው ስም ቀርቶ የመሪው ጠፍቶ።

ከዚያ ገንዘብ መጣ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳርቻ ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ ጋምቤላ ከተማ የሆነችው በዚህ ነው። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጎሬ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ እንግሊዝም ቆንስላ አቆመች።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ የቀረው መንግሥት መቀመጫ ያደረገው ይህችኑ ከተማ ነው። ራስ እምሩ እንደራሴ ሆኑ፤ ቢትወደድ ወልደ ፃድቅ የጊዜያዊውን መንግሥት ሥራ መሩ። ጎሬ በኅዳር 1929 በጣሊያን እጅ ወደቀች፤ ራስ እምሩም በወሩ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተያዙ። በዚያው ዓመት የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት መሥርተው፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲተዳደሩ በጎሬው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ጠይቀዋል። ሁለቱ ታሪኮች የሚገናኙት አንዲት ከተማ ላይ ነው። ዛሬ እንግዳ ይዞ ጎሬ የሚገባ አስጎብኚ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ሊተው ይችላል፤ የትኛውን እንደሚተው ግን ከየት እንደመጣ ይወስነዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለበት አገር ከካርታው እንዴት ወጣ? አንደኛው ምክንያት መንገድ ነው። የጅማ መንገድ ሲሠራ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያም ዘመኑ አበቃ። የወንዙ በር ሲዘጋ ጎሬ የመንገድ መጨረሻ ሆነች፤ የአስተዳደር መቀመጫነቱም ውሎ አድሮ ወደ መቱ ሄደ።

ሁለተኛው ምክንያት የአመለካከት ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የአገሪቱን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሲያቋቁሙ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ሲያወጡ፣ ለዓለም የሚታየው «ታሪካዊ መስመር» የድንጋይ መስመር ሆነ። ሐውልት፣ ግንብ፣ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን። ለዘመኑ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ በጥቂት ገንዘብ የሚሸጠው እሱ ነው። ግን ታሪክ ማለት የተጠረበ ድንጋይ ማለት ነው የሚለው ልማድ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም። ኢሉባቦር ድንጋይ የላትም። ያላት ደን ነው፤ በደኑ ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡና፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ በቅቤ የሚጠበሰው ቡነ ቀላ፣ የፈረስ ስም የአገር ስም የሆነበት ትዝታ። «ኢሉ» የጎሳ፣ «አባ ቦር» የንጉሥ የፈረስ ስም እንደሆነ የአካባቢው ሰው ይናገራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የያዮን የቡና ደን ባዮስፌር ብሎ መዘገበ። ከ167 ሺህ ሔክታር ይበልጣል፤ ያዮ፣ ሁሩሙ፣ ጮራ፣ ዶረኒ፣ አልጌ ሳቺና ቢሎ ኖፓ ወረዳዎች ይካፈሉታል። ኖፓን ዓለም በጽሑፍ ያወቃት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። እዚያው ያዮ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ በሜቴክ እጅ ተጀምሮ ብዙ ቢሊዮን ብር ውጦ ሲቆም፣ ወሬው ደኑን ጨርሶ ሸፈነው።

ደኑን ለማየት አውቶቡስ ሙሉ ሰው አይመችም። ከመቱ በበቾ በኩል ወደ ሶር ፏፏቴ የሚወርድ ሰው መኪናውን ትቶ በእግሩ ጫካ ውስጥ መግባት አለበት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል፣ ውኃው ወደ 100 ሜትር ገደማ ይወረወራል። አምስት ስድስት ሰው ከአንድ መሪ ጋር ይሄዳል፤ ሃያ ሰው ቢሄድ ግን ግማሹ ምንም ሳይሰማ ይመለሳል። መሪው የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከፏፏቴው ቁመት ሌላ የሚነግራቸው ላይኖር ይችላል። የትኛው ዛፍ የማን ቀፎ መያዣ እንደሆነ፣ የትኛው ቡና ለቀማ እንደሚፈቀድና የትኛው ጥብቅ ክልል ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው እዚያው ያደገው ነው።

ያ ሰው ለዚህ ሥራ ገንዘብ ካላገኘ ደኑን ለማቆየት ያለው ምክንያት አንድ ይቀንሳል። ቡና ሲረክስ ጫት ወይም በቆሎ የሚተካበት ማሳ በአካባቢው እንግዳ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ጥቂቱንም እንግዳ አራቀ።

ሰላሙ ቢመጣም አንድ የወቅት ነገር አለ። የጋምቤላ መርከብ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ በክረምት ነበር፤ በበጋ የተለቀመው ቡና ወራት ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ጎብኚ ግን የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ያ ደግሞ ቡናው የሚቀላበት ጊዜ ነው፤ በኖፓና በያዮ ሰው ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ ለቀማ ላይ ነው። እንግዳ ይዞ ሦስት ቀን ደን ውስጥ የሚዞር ወጣት የሦስት ቀን ለቀማ ትቶ ነው የሚሄደው። የቀን ክፍያው ከዚያ ለቀማ ካነሰ ቅርጫቱን ይዞ ወደ ቡናው ይሄዳል፤ እንግዶቹንም የሚመራቸው ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው ሾፌር ይሆናል።