ቀዩ ዱቄትና ሚዛኑ

እርሳስ ወይም ቆርቆሮ እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ አመድ የሚመስል ዱቄት እንደሚሆን የብረት ሥራ የሚያውቁ ሁሉ ያውቁታል። ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን የአውሮፓን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ያነታረከ ጥያቄ ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የገነነው መልስ ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ሽታል ያስፋፋው ነበር። በዚህ አስተሳሰብ የሚቃጠል ነገር ሁሉ ፍሎጂስተን የሚባል ነገር በውስጡ አለው፤ ሲቃጠል ይወጣለታል። ችግሩ ግን ዱቄቱ ሲመዘን ከብረቱ ይከብዳል። ከውስጡ አንድ ነገር የወጣበት ዕቃ እንዴት ይከብዳል? አንዳንዶች ፍሎጂስተን ክብደቱ ከዜሮ በታች ነው እስከማለት ደረሱ።

ክርክሩን የፈታው ሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ነው። ሜርኩሪ በመጠነኛ ሙቀት አየር ላይ ለብዙ ቀን ሲሞቅ ቀይ ዱቄት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1774 እንግሊዛዊው ቄስ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ይህን ዱቄት በማጉያ መስታወት በተሰበሰበ የፀሐይ ጨረር አጋለው። ዱቄቱ ወደ ሜርኩሪነት ሲመለስ አየር ወጣው፤ ሻማም በዚያ አየር ውስጥ ከወትሮው በላይ ቦግ ብሎ ነደደ። ስዊድናዊው ካርል ሼሌም ይህንኑ አየር ቀድሞ አግኝቶት ነበር፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1777 ነው።

ፕሪስትሊ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ፓሪስ ሄዶ ያየውን በማዕድ ላይ ለአንትዋን ላቮዋዚዬ አጫወተው። ላቮዋዚዬ ሚዛን የሚያምን ሰው ነበር። በኋላ ባደረገው ሙከራ 4 አውንስ ሜርኩሪ ከ50 ኪዩቢክ ኢንች አየር ጋር ዘግቶ 12 ቀን አሞቀው። አየሩ ወደ 42 ገደማ ወረደ፤ በተረፈው አየር ሻማ ጠፋ። የሰበሰበውን 45 ግሬን ቀይ ዱቄት አብልጦ ሲያግለው 41 ግሬን ተኩል ሜርኩሪና ከ7 እስከ 8 ኪዩቢክ ኢንች አየር ተገኘ። የጎደለው አየር ተመልሶ መጣ ማለት ነው! እንግዲህ ብረታ ብረት ሲግል የሚወጣበት ነገር የለም፤ ከአየር የሚጨመርበት ነው እንጂ። ላቮዋዚዬ ያንን ነገር ኦክስጅን ብሎ ሰየመው።

ሁሉም ብረታ ብረት ግን እንደ ሜርኩሪ አይደለም። ሜርኩሪ ኦክስጅኑን በላላ እጅ ስለሚይዝ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይለቀዋል። ብረት አጥብቆ ስለሚይዝ ከሙቀቱ ሌላ ኦክስጅኑን የሚነጥቅለት ከሰል ይፈልጋል። ወናፍ እየነፉ የብረት ድንጋይ ከከሰል ጋር ያቀልጡ የነበሩ የአገራችን ባለ እጆች፣ ሳይንሱን በስሙ ባይጠሩትም፣ የሚሠሩት ይህንኑ ነበር።

የሁለቱ ሊቃውንት ፍጻሜ ያሳዝናል። ላቮዋዚዬ የንጉሡን ግብር ይሰበስብ የነበረ ማኅበር አባል ስለነበረ ሜይ 8 ቀን 1794 ፓሪስ ላይ አንገቱ ተቀላ። በዚያች ቀን ፕሪስትሊ ባሕር ላይ ነበር። በሃይማኖቱና የፈረንሳይን አብዮት በመደገፉ በ1791 በርሚንግሃም ውስጥ ሁከተኞች ቤቱንና ቤተ ሙከራውን አውድመውበት፣ እንደኛው ተሰዶ ወደ አሜሪካ ይጓዝ ነበር። ፔንስልቫንያ ተቀምጦ በ1804 እስኪሞት ድረስ ከፍሎጂስተን እምነቱ አልተላቀቀም።

አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼ «ታዲያ ኦክስጅንን ያገኘው ማነው?» ይሉኝ ነበር። ፕሪስትሊ በዓይኑ አየው፤ ላቮዋዚዬ መዝኖ ምንነቱን አወቀ። ያዩትን ከለመዱት እምነት አስበልጦ መቀበል ለሊቅም ከባድ ነው።