ቆዳንና መርፌን ያገናኘው ረጅም ታሪክ፦ ከንቅሳት እስከ ባለመርፌ ሮለር

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ካደገባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያነት የተቋቋመው ይህ ሥፍራ ዛሬ ብጉር፣ ማድያት፣ ጠባሳና የፀጉር መሳሳት ያለባቸውን ታካሚዎች ጭምር ያስተናግዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የቆዳ ሐኪሞችን፣ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን አዲስ ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ ይኸውም ጥቃቅን መርፌ የተተከለበትን ተሽከርካሪ መሣሪያ፣ በተለምዶ ደርማ ሮለር የሚባለውን፣ በቤት ውስጥ በስንት ጊዜ መጠቀም ይቻላል የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ሥሩ ጥንታዊ ነው። መልሱን በሚገባ ለመስጠትም ቆዳን የመብሳት ታሪክ ምን እንዳስተማረ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንታዊው ልማድ

በአገራችን ቆዳን መብሳትና መብጣት ለውበትም ለመድኃኒትም ሲያገለግል ኖሯል። በግንባር፣ በአንገትና በእጅ ላይ የሚደረገው ንቅሳት፣ ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ በመርፌ ወይም በእሾህ ወደ ቆዳ የሚገባበት ጥበብ ነው። ድድን መነቀስም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በስፋት የታወቀ ነበር። ለዓይን ሕመም ቅንድብ አካባቢ መበጣት እንዲሁም ዋግምት ለሕክምና ተብለው የሚፈጸሙ ነበሩ።

ከእነዚህ ሁሉ ለሕክምና ታሪክ የላቀ ቦታ ያለው ፈንጣጣን ለመከላከል ይደረግ የነበረው ብጣት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ በ1831 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ከታማሚ ቁስል የተወሰደው ፈሳሽ በምላጭ በተበጣ ክንድ ላይ ይደረግ እንደነበር ገልጿል። ልማዱ ብዙዎችን ከከባዱ በሽታ አድኗል። ሆኖም የተበጣው ሰው ራሱ በሽታውን ለሌላው የሚያስተላልፍ በመሆኑ አዲስ ወረርሽኝ የሚያስነሳበት ጊዜም ነበር። የተበሳ ቆዳ የሚፈለገውን ነገር እንደሚያስገባ ሁሉ የማይፈለገውንም ያስገባል፤ ይህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲታይ የኖረ እውነት ነው።

ሁለት ጫፍ ያለው መርፌ

በ1965 ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ መርፌ ሠራ። መርፌው በሁለቱ ጫፎች መካከል ጥቂት የክትባት ጠብታ ይዞ በትንሽ የቆዳ ክፍል ላይ 15 ጊዜ ደጋግሞ በመውጋት ክትባቱን ያደርስ ነበር። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በእግርና በበቅሎ የሚጓዙት ክትባት ሰጪዎች የያዙት ይህንኑ መሣሪያ ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ በነሐሴ 1976 በባሌ ተገኘ። በ1980ም የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱን አወጀ።

ከዚህ ዘመቻ ለዛሬው ጉዳያችን የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። መርፌው ደኅንነቱ የተጠበቀው ቀላል ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ጥልቀቱ፣ የሚወጋበት ጊዜ ብዛትና በየሰው መካከል የሚደረገው የማምከን ሥራ አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ነው።

ዘነበወርቅና የቆዳ ምርመራ

በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሕክምና ጣቢያ የተቋቋመው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። በታኅሣሥ 1965 በዚሁ ሥፍራ አለርት የማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተመሠረተ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በግቢው ሥራ ጀመረ። ከመላው አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች በዚህ ከተማሩት ክህሎት አንዱ የቆዳ ናሙና አወሳሰድ ነው። ቆዳው ደም እንዳይኖረው በጣት ተቆንጥጦ ይያዛል፤ 5 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ሥንጥቅ ይደረግበታል፤ ከውስጡም ፈሳሽ ተፍቆ ይወሰዳል። ለእያንዳንዱ ታካሚ ንጹሕ ምላጭ መጠቀም የማይታለፍ ሕግ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1943 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ በአንድ ቦታ የተነቀሱ ሁለት የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች በኋላ የሥጋ ደዌ ተገኝቶባቸዋል፤ ምልክቱ የወጣውም በንቅሳታቸው ላይ ነበር። ይህም በ1947 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ከታወቁ ወዲህም ምላጭና መርፌ በጋራ አለመጠቀም ከከተማ እስከ ገጠር የተሰበከ ትምህርት ሆኗል። ዛሬ ባለመርፌ ሮለር እህትማማቾች ወይም ጓደኛሞች ሲዋዋሱት፣ ይኸው ትምህርት የተረሳው መሣሪያው ምላጭ ስለማይመስል ብቻ ነው።

የሮለሩ መወለድ

ለጠባሳ ሕክምና መርፌን መጠቀም በዘመናዊው መልክ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ1995 ኖርማን ኦሬንትራይክና ዴቪድ ኦሬንትራይክ የጎደጎደን ጠባሳ ከሥሩ በመርፌ የማላቀቅን ዘዴ አስተዋወቁ። በ1997 የካናዳ ሐኪሞች የሆኑት ካሚራንድና ዱሴ የንቅሳት መሣሪያን ያለ ቀለም በጠባሳ ላይ መጠቀማቸውን ጻፉ። ይህም ጥንታዊው ንቅሳት በሕክምና በር መመለሱ ነበር። በኬፕታውን የሚሠሩት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ዴዝመንድ ፈርናንዴዝ ደግሞ መርፌዎቹን በከበሮ መሰል ተሽከርካሪ ላይ በመትከል ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ሰጡት። የተለመደው ሮለር 192 መርፌዎች አሉት።

አሠራሩ ቁስልን መሠረት ያደረገ ነው። መርፌዎቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ሲከፍቱ አካል እንደ ማንኛውም ቁስል ይቆጥራቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብግነት ይከተላል፤ ከዚያ አዳዲስ ሕዋሳትና የደም ሥሮች ይፈጠራሉ፤ በመጨረሻም ለወራት የሚዘልቀው የኮላጅን መታደስ ይመጣል። ስለዚህ ውጤቱ የሚገኘው መሣሪያው በሚያልፍበት ሰዓት ሳይሆን ቆዳው ዕረፍት በሚያገኝበት ጊዜ ነው።

በስንት ጊዜ?

የድግግሞሹ መልስ በመርፌው ርዝመት ይወሰናል። በሕክምና ተቋም ለብጉር ጠባሳ የሚውለው ርዝመት ባብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ በሁለት ሕክምናዎች መካከልም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ይህ ርዝመት ደም የሚያወጣና ማደንዘዣ የሚጠይቅ በመሆኑ በቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነውም የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ስለሚገባ በባለሙያ እጅ ቢሆን ይመረጣል፤ በምንም ሁኔታ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ መደጋገም የለበትም። በቤት ለመጠቀም የሚቀርቡት ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያሉት ናቸው። ለእነዚህ የተሰበሰበው ማስረጃ ጥቂት ስለሆነ በሳምንት ከአንድ ጊዜ አለማለፍ አስተዋይ ምክር ነው። መቅላቱ ወይም ማቃጠሉ ሳይጠፋ መድገም ግን በማንኛውም ርዝመት አይፈቀድም።

በ2013 በሕንድ በ100 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በየሳምንቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ሮለር ከሚኖክሲዲል ጋር መጠቀም ከሚኖክሲዲል ብቻው የተሻለ ፀጉር እንዳበቀለ አሳይቷል። ይህን ሰምተው በቤታቸው የሚሞክሩ አሉ። ጥናቱ የተደረገው ግን በሐኪም ክትትል ሥር እንደሆነ ለታካሚው ማስረዳት ያስፈልጋል።

የታዩ ጉዳቶች

በጥቁር ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ሥጋት ከብግነት በኋላ የሚቀር ጥቁረት ነው። ማድያቱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው አብዝቶ በመጠቀም ሊያብሰው ይችላል። ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው የአዲስ አበባ ኃይለኛ ፀሐይም ይህን ያባብሳል። የኬሎይድ ዝንባሌ ያለበት፣ በፊቱ ላይ የሚያመረቅዝ ብጉር ወይም ሄርፒስ የወጣበት፣ ለምጽ ወይም ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ሊጠቀምበት አይገባም።

ሁለተኛው ሥጋት በተበሳው ቆዳ ላይ የሚቀባው ነገር ነው። በ2014 በአሜሪካ ከመርፌው ሕክምና ጋር ቫይታሚን ሲ እና ሌሎች ቅባቶች የተጠቀሙ ሦስት ሴቶች በፊታቸው ላይ ጓጓላ አለርጂ እንደወጣባቸው ተዘግቧል። ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው የማቅያ ቅባቶች በሚዘወተሩበት ከተማ ይህ ልዩ ትኩረት ይሻል።

ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው። በ2018 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ፈቃድ በሌለው የውበት ቤት ከራስ ደም የተዘጋጀ ሕክምና በመርፌ ከተሰጣቸው ደንበኞች መካከል ኤች አይ ቪ ተገኘ። የምርመራው ውጤት በ2024 ሲታተም የመሣሪያና የደም አያያዝ ጉድለት ተገልጿል። ሮለርን በአልኮል መዘፍዘፍ ተሕዋስያንን ይቀንሳል እንጂ አያመክንም፤ በሁለት ሰው መካከል ለመጠቀምም አያበቃም።

አራተኛው ለዘነበወርቅ ታሪክ ቅርብ ነው። ነጣ ያለና ስሜት ያጣ የቆዳ ምልክት የሥጋ ደዌ መነሻ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ጥምር መድኃኒቱን በ1983 ጀምራ በ1999 በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር ከሚባልበት መጠን በታች ብታወርደውም በሽታው አልጠፋም። እንዲህ ያለ ምልክት ላይ ሮለር የሚያሽከረክር ሰው ሕመም ስለማይሰማው ቆዳውን ሊጎዳ፣ ከዚያም በላይ ምርመራውን በወራት ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ስለ ሮለር የሚጠይቅን ታካሚ ከመምከር በፊት ቆዳውን መመልከትና ስሜቱን በጥጥ መፈተን ይገባል።

በመጨረሻም መሣሪያው የሚጣልበት ቦታ አለ። ከአለርት ብዙም በማይርቀው በቆሼ፣ በመጋቢት 2017 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡበት ሥፍራ፣ ቆሻሻ እየለዩ የሚተዳደሩ ወገኖች በባዶ እጃቸው ይሠሩ ነበር። አንድ ሮለር ሲጣል 192 መርፌዎች አብረው ይጣላሉ። ክዳኑ ጠንካራ በሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ተዘግቶ፣ ቢቻል በጤና ተቋም የስለታማ ዕቃ ሣጥን እንዲወገድ ማስተማር የምክሩ አካል መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

የመርፌና የቆዳ ታሪክ ከብጣት እስከ ሮለር ሲታይ፣ ጥቅም የተገኘው ጥልቀቱ፣ ድግግሞሹና ንጽሕናው በተወሰነበት ጊዜ ሁሉ ነው፤ ጉዳት የደረሰውም ከሦስቱ አንዱ በተጓደለበት ነው። የጤና ባለሙያ ለሚጠይቀው ታካሚ የሚሰጠው መልስ አጭር ሊሆን ይችላል፦ አጭር መርፌ፣ በሳምንት ከአንድ ጊዜ የማይበልጥ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በጤነኛ ቆዳ ላይ፣ ያለ ማቅያ ቅባት። ከዚህ ያለፈውን ፍላጎት ወደ ቆዳ ሐኪም ማስተላለፍ ይገባል።