የሊቃውንትን ድምፅ ከካሴት ስለ መገልበጥ

የሰው ድምፅ ከአፍ እንደ ወጣ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ የቀደሙ አባቶች ድምፅን ለትውልድ ለማቈየት ብዙ ደከሙ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። በኋላም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሠሩ። ነገር ግን ምልክቱ መንገዱን ይመራል እንጂ የመምህሩን ቃና አያሰማም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ካወጣ ወዲህ፥ ይህ ጕድለት በጥቂቱ ተሞላ፤ ተማሪውም የመምህሩን ዜማ ቀርጾ ያጠና ጀመር። በ1975 ኬይ ሸለመይ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በአዲስ አበባ የብርሃኑ መኰንንን ዜማ በቴፕ ቀረጹ፤ ከፒተር ጄፈሪ ጋራም ጥናቱን ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ አሳተሙ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ አሶሳ አውራጃ ብዙ ሕዝብ መጥቶ ሰፈረ። በጾሬም ሆነ በአካባቢው፥ ዛሬ በሕይወት የሌለ የአገር ቤት መምህር ድምፅ በካሴት ያለው ሰው ቢኖር፥ ብርቅ መጽሐፍ እንደ ያዘ ይወቅ። ይሁን እንጂ ጥብጣቡ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር አይሞላም፤ ድምፁን የያዘው የብረት ዱቄት በሙቀትና በእርጥበት ይራገፋል። ከቅጂ ላይ ቅጂ በተወሰደ ቍጥርም ሹሹታው እየበዛ ቃሉን ይሸፍናል።

ስለዚህ ድምፅ ገልባጩ የመልካም ጸሐፊን ሥርዓት ይከተል። አስቀድሞ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ጆሮዎች ሰብሮ ሌላ ድምፅ እንዳይቀረጽበት ይጠብቅ። ሄድ የሚባለውን የቴፑን ድምፅ አንባቢ በአልኮል ይጥረግ፤ ቀጭኑ ድምፅ ጠርቶ እስኪሰማም አቀማመጡን ያስተካክል። ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ በ24 ቢት፥ በየሰከንዱ 96 ሺህ ጊዜ እየለካ፥ ሳይጨምቅ ይቅዳ። ጸሐፊ ከመጽሐፉ ቃል እንደማይቀንስ፥ እርሱም የመምህሩን ሳልና የተማሪዎቹን ጕርምርምታ ከዋናው ቅጂ አያጥፋ፤ ለመስማት የሚጠራው ሌላ ቅጂ ይሁን። የመምህሩን ስም፥ አገርና ዘመን ጽፎ ቅጂዎቹን በሁለት ቦታ ያኑር፤ አሮጌውንም ካሴት አይጣል።

ብራና ቢያረጅ ዓይን እየተቸገረ ያነበዋል፤ ካሴት ያረጀ እንደ ሆነ ግን ዝም ይላል። በሣጥን ያለው ድምፅ ሳይዘጋ ይውጣ። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።