ውሻ እስከ ሳንቃ በር

ወደ ስሜን ተራሮች የሚጓዝ ሰው ደባርቅ ላይ መቆሙ አይቀርም። የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ እንግዳው ይመዘገባል፣ የመግቢያ ይከፍላል፣ ስካውትና አስጎብኚ ይይዛል፣ በቅሎ ያስጭናል። ከዚያ የጠጠሩ መንገድ በቡይት ራስ በኩል ሽቅብ ወጥቶ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው የሳንቃ በር ካምፕ ያደርሰዋል። ስካውቱ ጠመንጃውን፣ ምግብ አብሳዩ ድስቱን፣ ባለ በቅሎው ልጓሙን ይዞ ይከተላል። በዚህ ጓዝ ውስጥ ውሻ የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ውሻን መኪና ላይ ጭኖ ለሽርሽር ተራራ መውጣት የተለመደ ነው፤ በስሜን ግን የውሻና የመንገደኛ ታሪክ ሌላ መልክ አለው።

መንገዱ ራሱ አሮጌ ነው። ከምፅዋ ተነስቶ ጎንደር የሚገባ ሲራራ ነጋዴ የሊማሊሞን ገደል መውጣት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው በዚሁ አቀበት ነው። ገደሉን ወጥቶ የወገራን ሜዳ ለያዘ፣ ጀምበርም ለጠለቀችበት መንገደኛ መንደር መቃረቡን የሚነግረው የውሻ ጩኸት ነበር። አጥሩ ጥግ ይቆምና “ቤቶች! ውሻ ያዙልኝ!” ብሎ ይጣራል። ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን እስኪገስጽ ድረስ እንግዳው እርምጃ አይነቃነቅም፤ ዱላውን ወደፊት ቀስሮ ይጠብቃል። የእግዜር እንግዳ ተብሎ ቤት የሚገባው ውሻው ከተያዘ በኋላ ነው።

በደጋው ውሻ ሥራ አለው፣ ሥራውም እደጅ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር በጎቹን ይከተላል፣ ሌሊት ከጉረኖው አጠገብ ያድራል። ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት የገብስ ጭድ ክምር ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ አበጅቶ፣ አፍንጫውን ጭራው ውስጥ ቀብሮ ይተኛል። ጅብ ወይም ነብር ሲሸተው ግን መንደሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ድርሻው ትርፍራፊና አጥንት ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ ከሰው ጋር ማደር፣ ከዚያም አልፎ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መርገጥ አይፈቀድለትም። ባለቤቱ ገበያ ወይም ንግሥ ሲሄድ ውሻው የሚቀረው ቤት ሊጠብቅ ነው።

ከባለቤቱ ጋር ዓለም የዞረ ውሻ ለማግኘት ወደ ቤተ መንግሥት መሄድ ያስፈልጋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ቺዋዋ ሉሉ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን የማትለይ ነበረች፤ መቃብሯም አዲስ አበባ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ነው።

በስሜን ከውሻው ቀድሞ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው የዱር ዘመዱ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በተራራው አልፎ ናሙናዎችን ወደ ፍራንክፈርት ከወሰደ በኋላ፣ ቀይ ቀበሮ በሳይንሳዊ ስሙ “ካኒስ ሲሜንሲስ” ተባለ። ዝርያው ዛሬም ድረስ የስሜንን ስም ይዞ ይጠራል። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም አይገኝም፤ በመላ አገሪቱ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎችም ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ለውሻ በጣም የቀረበ ዘመድ ስለሆነ ውሻን የሚይዘው በሽታ እሱንም ይይዘዋል። የመንገደኛ ውሻ ጉዳይ የተወሳሰበውም በዚህ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በሰሜኑ አገር አዲስ አይደለም። በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ብርቱ ወረርሽኝ መነሳቱ እ.ኤ.አ. በ1884 ተመዝግቧል፤ በ1903 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ታየ። ለቀበሮው ያለው አደጋ በግልጽ የታወቀው ግን በባሌ ነው። በ1991 እና 1992 በሽታው የባሌን ቀበሮዎች በብዛት ጨረሰ። በ2003 ተመልሶ ሲመጣ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ፤ የተረፉትን ለማዳን ቀበሮዎችን እየያዙ መከተብ ግድ ሆነ። የባሌ ከብት አርቢዎች “ጎዳንቱ” በሚሉት ወቅታዊ ጉዞ መንጋቸውን ወደ ከፍተኛው ሜዳ ሲያወጡ ውሾቻቸው አብረው ይወጣሉ። ውሻ በተጓዘ ቁጥር ቫይረሱም የመጓዝ ዕድል ያገኛል። ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው ገዳይ በሽታም በ2006 እና በ2010 በዚያው በባሌ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በባሌ ከውሻ የተዳቀሉ ቀበሮዎችም ተገኝተዋል።

የስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲቋቋም ዋናው ሐሳብ ዋልያን ማዳን ነበር። የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል ነው። በ1978 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ በፓርኩ ውስጥና በዳርቻው ሰው ይኖር፣ ከብት ይግጥ፣ ውሻም በግ ይጠብቅ ነበር። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩት በ2016 ነው። የገበሬውን ውሻ ከልክሎ ኑሮውን ማስቀጠል ስለማይቻል፣ የቀበሮ ጥበቃ ሥራ የሚያተኩረው ውሻውን በመከተብ ላይ ነው። የሰውም ጤና ይህንኑ ይጠይቃል። በ2013 የታተመ የሰሜን ጎንደር ዞን ጥናት፣ በየዓመቱ ከ100,000 ሰው ከ2 በላይ በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚያዝ ገምቷል፤ ከ100,000 ውሻ ደግሞ ቁጥሩ ከ400 ይበልጣል።

የዱር እንስሳ ያለበት ተራራ ለውሻ በሩን የሚያጠበው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን ፓርክ ውሻ ይዞ መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ከመኪና መንገዱና ከማቆሚያው ብዙ መራቅ፣ የእግር መንገዱንም መርገጥ ክልክል ነው። በዚያ ሚዛን ከታየ፣ ከውሻው ጋር ሰሜኑን ማየት ለፈለገ ሰው የሚመቸው ከጎንደር በዳባት፣ በደባርቅና በሊማሊሞ አድርጎ ወደ አክሱም የሚወስደው ዋና መንገድ ነው። ውሻው ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ መከተብ፣ የክትባት ወረቀቱም አብሮ መያዝ አለበት። ሳንቃ በር ለመውጣት ሲታሰብ ውሻው ከታመነ ሰው ጋር ከተማ ይቀራል።

ክትባቱ አሁን ቀበሮው ሳይያዝም ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በባሌ የአፍ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎች ይሰጣል። ለመንደር ውሻ ግን ገና መርፌ ነው። ገመድ አንገቱ ገብቶ የማያውቅ በግ ጠባቂ ውሻ መርፌው ፊት ሲቀርብ፣ አንድ ልጅ ጆሮውን፣ ሌላው ወገቡን ይዞ፣ ከብቱን ሁሉ ከሚያስበረግግ ጩኸት ጋር ይከተባል።