የርክክብ ነገር፤ የፕሮስቴት ካንሰር ክትትል በሆስፒታልና በቤተሰብ ሐኪም መካከል

ሕመምተኛን ከሆስፒታል ውጭ መከታተል የሚቻለው ለሕመሙ አስተማማኝ መለኪያ ሲገኝ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1941 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሃጊንስና ክላረንስ ሆጅስ፣ የሕመምተኛው የዘር ፍሬ ሲወጣ ወይም የሴት ሆርሞን ሲሰጠው፣ በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ የነበረው አሲድ ፎስፋቴዝ የተባለ ኤንዛይም እንደሚቀንስ አሳዩ። ሃጊንስም በ1966 የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ በይበልጥ የሚያገለግለው በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፕሮቲን ነው። በ1979 በቡፋሎ ከተማ በሮዝዌል ፓርክ ተቋም ተለይቶ ታወቀ፤ ምርመራውም በ1986 በአሜሪካ ለክትትል እንዲውል ተፈቀደ። ከዚህ ወዲህ ደሙ በየትኛውም ክሊኒክ ቢቀዳ፣ ውጤቱ በቁጥር ተገልጦ ለሩቁ ሐኪም ሊደርስ ቻለ።

በብሪታንያ ከ1948 ጀምሮ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በቤተሰብ ሐኪም ላይ የተመሠረተ ነው። የ1995ቱ የካልማንና የሃይን ሪፖርትም የካንሰር ሕክምና ከቤተሰብ ሐኪም፣ ከአውራጃ ሆስፒታልና ከካንሰር ማዕከል በተውጣጣ ባለሦስት እርከን አደረጃጀት እንዲመራ አሳሰበ። በ2008 ናይስ የተባለው የመንግሥት ተቋም ባወጣው መመሪያ፣ ቢያንስ ከ2 ዓመት በኋላ ቁጥሩ የረጋለትና ከሕክምናው ከባድ ጉዳት ያልደረሰበት ሰው ክትትሉን ከሆስፒታል ውጭ እንዲቀጥል መከረ።

ነገር ግን ቁጥር ብቻውን አይናገርም። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ፒ.ኤስ.ኤ. ከሞላ ጎደል ሊጠፋ ይገባል። በጨረር ለታከመው ግን ዕጢው በቦታው ስላለ ጥቂት ይቀራል፤ በ2005 በፊኒክስ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም ለዚህ ሰው ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ መጠን በ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሲጨምር የበሽታው መመለስ ምልክት እንዲሆን ተስማምተዋል። እንግዲህ አንዱን የሚያስደነግጥ ቁጥር ለሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሆስፒታሉ ደብዳቤ የተሰጠውን ሕክምና፣ ዝቅተኛውን ቁጥር፣ የሚቀጥለውን ምርመራ ጊዜና ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል የሚመለስበትን መጠን መግለጥ አለበት። እኛ መሐንዲሶች የርክክብ ሰነድ ያልተሟላለትን ሥራ አንረከብም። እዚህ ላይ ሰነዱ ቢጓደል ሆስፒታሉ ሐኪሙን፣ ሐኪሙም ሆስፒታሉን ሲጠብቅ፣ በመካከሉ በሽታው ያለ ተመልካች ያድጋል።