የሚቅበጠበጠውን ታማሚ ከማሰር በፊት፦ ስለ ሴሮቶኒን ሲንድሮም

እ.ኤ.አ በ1984 የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን ትኩሳትና መንቀጥቀጥ ይዟት ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ገባች። ፌነልዚን የተባለ የድባቴ መድኃኒት ትወስድ ነበር። እዚያ ፔቲዲን ተጨመረላት። ስትቅበጠበጥ እንድትታሰር ታዘዘ። ሲነጋ ትኩሳቷ ከ41 ዲግሪ በላይ ደርሶ ሕይወቷ አለፈ። ብዙ ባለሙያዎች ምክንያቱ የሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት ያመጣው ሴሮቶኒን ሲንድሮም ነው ይላሉ።

እኛም አገር ትራማዶል ለሕመም፣ ፍሉኦክሰቲን ለድባቴ ይታዘዛል። እነዚህም አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ይህ ችግር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ነርሶችም አስታማሚዎችም ይህን እንድታውቁት እንፈልጋለን።

👉 ምንድን ነው?
ሴሮቶኒን ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል ነው። ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ይታወካል። ምልክቱ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል፤ ብዙዎች ላይ ደግሞ 6 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

👉 ምልክቶቹ
▪️ መቅበጥበጥ፣ ግራ መጋባት
▪️ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መስፋት
▪️ መንቀጥቀጥ፣ በተለይ የእግር ጡንቻ መገታተር

ዋናው መለያ ክሎነስ ይባላል። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ደግፉ፤ ውስጥ እግሩን በፍጥነት ወደ ላይ ገፍታችሁ ያዙት። እግሩ ደጋግሞ ከተርገበገበ ተራ ትኩሳት ነው ብላችሁ አትለፉት።

👉 ነርስ ምን ታድርግ?
1. ቀጣዩን ዶዝ ሳትሰጥ ወዲያው ሐኪም ትጥራ።
2. ታማሚው የወሰደውን ሁሉ ትጠይቅ፤ ከቤት የመጣ ኪኒንና የሳል ሽሮፕም ጭምር።
3. ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ደም ግፊትና ኦክስጅን ቶሎ ቶሎ ትለካ።
4. ማሰር ይቅር! ታማሚው ሲታገል ጡንቻው ይበልጥ ይሞቃል። ለማረጋጋት ሐኪም እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ያዛል።
5. ፓራሲታሞል ላይ አትተማመን፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻው ነው። ልብስ አውልቆ ማቀዝቀዝ ይሻላል። 41 ካለፈ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስገባ ድንገተኛ ነው።

በጊዜ ከተደረሰበት ብዙው ታማሚ መድኃኒቱ በቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል። ፍሉኦክሰቲን ግን ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ ክትትሉ ሊረዝም ይችላል።

📌 የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። የመድኃኒታችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ የትም ስትታከሙ ገና ከመጀመሪያው አሳዩ።