ከአሞሌ እስከ አሸዋ፦ የጫኝና አውራጅ ታሪክ በእኛ በኩል

ባለፈው ስብሰባችን አንዲት ወጣት አባላችን «ሸክም ዱሮ የወንድ ሥራ ነበር፤ እኛ አሸዋ መጫን የጀመርነው ሌላ ሥራ ስለጠፋ ነው» አለች። እናቶቻችን ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የነገሩንን ነው የምንጽፍላችሁ፤ ከመጽሐፍ የምናውቀውንም ጨምረንበታል።

ኩልመስክ መኪና ከማየቷ በፊት የምታውቀው የጋማ ከብትና የአህያ ጭነት ነው። ከአፋር በረሃ የሚቆፈረው አሞሌ ጨው በመቀሌና በሰቆጣ በኩል ወደ ላስታ ይገባ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1520ዎቹ ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆፈረበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚወደድ ጽፏል። በእኛ አስተያየት ዋጋውን የጨመረው መንገዱና ጫኙ ነው። አህያ ራሷን አትጭንም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ስልቻውን ያነሣል፣ ያመዛዝናል፣ በመጫኛ ጠፍሮ ያስራል። ካልተመዛዘነ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ የአህያዋም ጀርባ ይላጣል። በየቤታችን ከሁለቱ አንዷ ብዙ ጊዜ ሴት ነበረች፤ ነጋዴ ተብሎ የሚጠራው ግን ባለ አህያው ነው።

በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘመቻም እቴጌ ጣይቱ ሴቶችን አስተባብረው ለተዋጊው ውሃ ማድረሳቸው ተጽፏል። የተሸካሚዎቹ ስም አልተጻፈም።

ስለ 1977 ዓ.ም. ማውራት ለብዙዎቻችን ይከብደናል። ከላስታና ከዋግ ስንቱ ወደ ኮረም ወረደ! ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ የኮረምን ምስል ካሳየ በኋላ የእርዳታ እህል በአሰብና በምጽዋ ወደቦች ብዙ ገባ። ሰው የሚያስታውሰው መርከቡንና አውሮፕላኑን ነው። እህል ግን ወደብ ላይ በጆንያ ይሞላል፣ ይጫናል፣ መጋዘን ይራገፋል፣ እንደገና ይጫናል፤ ሁሉም በሰው ትከሻ ነው። መኪና በማይደርስበት ደጋ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች እህል ከአየር ጥለዋል፤ እንዳይፈነዳ ጆንያውን በጆንያ ውስጥ ከትተው። እሱንም ለቅሞ የተሸከመው ያው የአገሩ ሰው ነው። አንዲት እናታችን «ስንዴው ሲደርስ መሸከሚያ ጉልበት አልነበረንም፤ ሁለት ሁለት ሆነን ጎተትነው» ይላሉ።

የእርዳታ ጆንያ 50 ኪሎ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም፣ ለሴት ደግሞ ከዚያ በጣም እንዲቀንስ ይላል። እኛ አገር ኩንታል ሙሉውን 100 ኪሎ የሚያነሣ ሰው ይመሰገናል፤ ወገቡ ሲሰበር የሚጠይቀው የለም።

አሁን የምንጭነው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው። ወንዝ ዳር በአካፋ እንቆልላለን፤ አይሱዙ ሲመጣ ካሶኒው እስኪሞላ እንወረውራለን። ድንጋዩን ሁለት ሆነን በባሬላ እናወጣለን። አካፋ የያዘ ያውቀዋል፤ የሚገድለው ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ የስፖንዳው ከፍታ ነው። ዝናብ የመታው አሸዋ ደግሞ ለብቻው ነው።

አንድ ጊዜ የቀጠረን አሠሪ ወንዶቹን በመኪና፣ እኛን በቀን ሒሳብ ከፈለን። ያው መኪና፣ ያው አሸዋ። ስንጠይቀው «እናንተ ታግዛላችሁ እንጂ አትጭኑም» አለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በሥራና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው። ቀድመን ብንሰማውም ስንት መኪና እንደጫንን የሚያሳይ ወረቀት አልነበረንም።

ስለዚህ ደብተር ገዝተናል። ቀኑ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የጫኞቹ ብዛት፣ የተከፈለው ብር ይጻፍበታል። ያቺ ጆንያ የጎተቱት እናታችን «የእኔንም ጻፉት» ስላሉን የመጀመሪያው መስመር የእሳቸው ነው፦ 1977 ዓ.ም.፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ጆንያ፣ 50 ኪሎ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር፦ የላካችሁልን ጓንት ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ለወንድ እጅ የተሠራ ስለሆነ ግን ከአካፋው ላይ ይንሸራተታል። የሚቀጥለው አነስ ያለ ቁጥር ይሁንልን።